ወይንን በራሳችን አፍ፦ ሐዋሳ ላይ ከወዳጅ ጋር ለመቅመስና የወይን ጉዞን ለማካፈል ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያው ቀን ስድስት ሆነን ተቀመጥን። ቤቱ ሐዋሳ ነው፣ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ጠርሙሱ ተከፈተ፣ ተቀዳ፣ ተቀመሰ። «እሺ፣ እንዴት ነው?» አልኩ። «ጥሩ ነው» አለ አንዱ። «አሪፍ ነው» አለ ሌላው። ከዚያ ዝምታ። አንዷ የሆነ ቦታ ያነበበችውን «ብላክከረንት» የሚል ቃል አነሳች። ማናችንም ያንን ፍሬ ቀምሰን አናውቅም። ስለዚህ ማንም አልተከራከራትም፣ ማንም አልተስማማትም።

ከመካከላችን በዕድሜ ታላቅ የሆኑት ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ብርጭቆውን ደግመው አሸተቱ። «ይሄ እኮ አጋም ነው» አሉ። «ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ የምንለቅመው። በደንብ የበሰለው፣ ጣት የሚያቀልመው።» ሁላችንም አፍንጫችንን መልሰን ብርጭቆው ውስጥ ከተትን። እውነትም አጋም ነበር። ከዚያ በኋላ ወሬው ቆሞ አያውቅም። አንዱ ቅርንፉድ አገኘሁ አለ። አንዷ «የለም፣ ቀረፋ ነው» አለች። ጠርሙሱ ሳያልቅ ሁለት ሰዓት አለፈ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያ ቀን በገባኝ ነገር ተነስቼ ነው። ወይን ለመቅመስ የሚሆን አፍ አለን። ቡና ሲቆላ ጭሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን የምንስብ ሰዎች ነን። ጠጅ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብለን «ጌሾው በዝቷል»፣ «ገና አልደረሰም» እንላለን። ወይን ላይ ስንደርስ ግን በሰው ቃል ለመናገር እንሞክርና አፋችን ይያዛል። ከታች ያለው ሁሉ ያንን የራሳችንን ቃል ወደ ብርጭቆው የማምጣት ሥራ ነው።

አንድ፦ ሰውና ቀን

ከአራት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ድግስ ይሆናል፣ ቅምሻው ይጠፋል። መዋጮ አድርጉ፤ ሁሉም እኩል ሲያዋጣ ሁሉም እኩል ይናገራል። አንድ ሰው ሁሉንም ከገዛ እንግዶቹ ለማመስገን ብቻ ይቀምሳሉ።

ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ቢሆን ይመረጣል። ምሳ ወርዷል፣ እራት ገና ነው፣ አፍ ንጹሕ ነው፣ ቀለሙን የሚያሳይ ብርሃንም አለ። የጾም ቀን እንዳይሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሚጾም ወዳጅ ካለ እሱ አይቀርም፤ ቀኑ ይቀየራል።

ዕድሜው 21 ያልሞላ ሰው አይጋበዝም፤ በሀገራችን ሕግ አልኮል ሊሸጥለት አይችልም። ነፍሰ ጡር ሴት፣ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው፣ መኪና የሚነዳ ሰው ማሽተትና ማስታወሻ መያዝ ይችላል። እመኑኝ፣ የቅምሻ ትልቁ ክፍል አፍንጫ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ከሚጠጡት የተሻለ የሚያሸት ፈጽሞ የማይጠጣ ወዳጅ አለን። ሌላው ወደ ቤቱ በባጃጅ ይመለስ።

ሁለት፦ ጠርሙስ መምረጥ

ለስድስት ሰው ሦስት ጠርሙስ በቂ ነው። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ለአንድ ሰው ለቅምሻ የሚቀዳው 60 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከቡና ስኒ ትንሽ ጎደል ያለ ማለት ነው። ስድስት ሰው ቀምሶ ከግማሽ በላይ ይተርፋል። እሱ ለእራት ነው።

ለመጀመር ከሀገር ውስጥ ጀምሩ። ለሐዋሳ ሰው የሚያኮራው ነገር ወይኑ ከመንገዳችን ላይ መሆኑ ነው። ባቱ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ የምንላት፣ ከእኛ 115 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች። የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል እዚያ በወይን ከታወቀችው የፈረንሳይ አካባቢ ከቦርዶ ያመጣቸውን የወይን ዝርያዎች ተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በ2014 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ገበያ ላይ አወጣ። ሪፍት ቫሊ የሚለው መለያ በዝርያው ስም ይመጣል፦ ቀዮቹ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ነጩ ሻርዶኔ። ይህ ለተማሪ ትልቅ ጥቅም ነው። አንድ ዝርያ ብቻውን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አካሺያ የሚለው ደግሞ ድራይም፣ መካከለኛ ጣፋጭም አለው፤ ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ በኩል ቤቱ ሁሉ የሚያውቃቸው ጉደርና አክሱማይት አሉ። አክሱማይት ጣፋጭ ስለሆነ ምንጊዜም መጨረሻ ይቀመሳል።

«ድራይ» ማለት ደረቅ ማለት አይደለም። የወይኑ ስኳር በእርሾው ተበልቶ አልቋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ድራይ ወይን ቀምሶ «ኮምጥጧል» ይላል። ኮምጥጦ ሳይሆን ጣፋጩ ስለሌለ ኮምጣጣው ብቻውን ስለሚሰማ ነው።

የመጀመሪያዋ ሦስትዮሽ ይህች ትሁን፦ አንድ ሻርዶኔ፣ አንድ ሜርሎ፣ አንድ ሲራ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ካበርኔ ሶቪኞን ጨምሩ።

ሱቁን ግን ተጠንቀቁ። እዚህ ከተማ አንድ ጊዜ ከመስኮት ዳር፣ ፀሐይ ሲመታት ከከረመች መደርደሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። ቡሹ በትንሹ ወደ ላይ ገፍቶ ነበር፤ እኔ ግን አላየሁትም። ቤት ሲከፈት ፍሬ የሚባል ነገር የለውም፣ የተቀቀለ ዘቢብ ይሸታል። ሙቀት ወይንን እንደዚያ ያደርገዋል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ ካለ መደርደሪያ፣ ዕቃው ቶሎ ቶሎ ከሚሸጥበት ቤት ግዙ። ቡሹን በጣታችሁ ዳስሱ። ከአንገቱ ጋር እኩል መሆን አለበት።

ሦስት፦ ከወይኑ በፊት አፍን ማሰልጠን

ይህችን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘላታል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወዳት እሷን ነው። ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የምትፈጀው፣ ዕቃዋም ማድ ቤት ውስጥ አለ።

አራት ብርጭቆ ውሃ ደርድሩ። በአንዱ ግማሽ ሎሚ ጭመቁ። በሁለተኛው አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አሟሙ። ሦስተኛው ውሃ ሳይሆን ሻይ ይሁን፤ ቅጠሉን አብዝታችሁ፣ ሩብ ሰዓት አቆይታችሁ፣ ያለ ስኳር አቀዝቅዙት። በአራተኛው ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ አረቄ ጨምሩ። አረቄው ከመንገዳችን ላይ ከአርሲ ነጌሌ የመጣ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ነጌሌ በአረቄ የታወቀች ናት።

አሁን አንድ በአንድ ቅመሱና ስሜቱ አፋችሁ ላይ የት እንደሚያርፍ ልብ በሉ። ሎሚው ምራቅ ያመጣል፤ ጉንጫችሁ በጎንና በጎን ይረጥባል። ወይን ውስጥ ይህ ሲሰማችሁ ኮምጣጣነቱ ነው። ሻይው ተቃራኒውን ያደርጋል። ድድና ምላስ ይደርቃል፣ ያልበሰለ ዘይቱን የነከሳችሁ ያህል አፍ ይጨብጣል። ያ ታኒን ነው፤ በቀይ ወይን ውስጥ ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ ይመጣል። ስኳሩ ግልጽ ነው። አረቄው ጉሮሮ ላይና ደረት ላይ ይሞቃል፤ የአልኮሉ ኃይል እንደዚያ ይለካል።

አራቱን ከለያችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ከዚያ በኋላ «ከባድ ነው» የሚል ሰው የለም። «ታኒኑ ይጨብጣል፣ ኮምጣጣነቱ ግን ልከኛ ነው» ይላል።

ቀጥሎ አፍንጫ። ስምንት የቡና ስኒ አውጡ። በየስኒው አንድ አንድ ነገር አድርጉ፦ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ኮረሪማ፣ ወቀጥ የተደረገ ቁንዶ በርበሬ፣ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ የበሰለ እንኮይ ወይም አጋም ካገኛችሁ፣ አንድ ቁራጭ ቆዳ። ዓይን በነጠላ ይሸፈን፣ ስኒው ይዙር። ዓይን ሲዘጋ ቅርንፉድና ኮረሪማን የሚያምታታ ሰው ቁጥሩ ያስገርማችኋል። በየቀኑ ወጥ ውስጥ የምንጨምራቸው ናቸው! ግን ስማቸውን ከሽታቸው ጋር አያይዘን አናውቅም። ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ ማንም አይሳሳትም።

እነዚህን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሲራ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ የሚሸተው በምሳሌ አይደለም። ሮተንዶን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በቁንዶ በርበሬም በሲራም ውስጥ ያለው እሱው ራሱ ነው። ከአምስት ሰው አንዱ ግድም ደግሞ ይህን ሽታ ጭራሽ አያገኘውም። ስለዚህ ጓደኛችሁ «አልሸተተኝም» ካለ አትጫኑት፤ አፍንጫው የተሠራው እንደዚያ ነው። ካበርኔ ሶቪኞን ውስጥ የቃሪያ ሽታ ብታገኙም አትደንግጡ። ፍሬው ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ሲለቀም ያ ሽታ ጎልቶ ይቀራል።

አራት፦ ቤቱን ማሰናዳት

ሐይቁ ዳር ሆኖ መቅመስ ያምራል። ሞክረነዋል። አይሆንም። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ሽታውን ከብርጭቆው አፍ ላይ ይዞት ይሄዳል። ቤት ውስጥ ግቡ።

እጣን አይጨስ። ቡና አይቆላ። ይህ ለኛ ከባድ ሕግ ነው፤ እንግዳ መጥቶ ቡና ሳይቆላ መቀመጥ ነውር ይመስላል። ግን የተቆላ ቡና ቤቱን ከሞላው ወይኑ ምንም አይሸትም። ቡናውን ለመጨረሻ እናቆየው። ሽቶ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ሲጋራም እንዲሁ። ይህን ከአንድ ቀን በፊት በስልክ ተናገሩ፤ ሰው ሽቶ ተቀብቶ ከመጣ በኋላ መናገር ያሳፍራል።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ወይም ነጭ ወረቀት አንጥፉ። በየሰው ፊት ውሃ፣ ነጭ ዳቦ፣ እርሳስና ወረቀት ይቀመጥ። እንጀራ አታቅርቡ፤ ኮምጣጣነቱ ከወይኑ ጋር ይጋጫል። ለመትፋት ለእያንዳንዱ ሰው የማያሳይ ኩባያ ስጡ። መትፋት ይከብደናል፣ አውቃለሁ። ከብርጭቆው ያልተጠጣውን መገልበጫ ብላችሁ ብትጀምሩ ሰው ቀስ እያለ ይለምዳል።

ብርጭቆው ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ይሁን። ብርሌን አስቡ። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው፤ የጠጁ ሽታ አንገቱ ላይ ይሰበሰባል። የወይን ብርጭቆም በዚያው ብልሃት ነው የተሠራው፤ ልዩነቱ አፍንጫ የሚያስገባ መሆኑ ነው። የውሃ ብርጭቆ ግን ቀጥ ስለሚል ሽታውን ይበትነዋል።

ሙቀትን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት» ይባላል። ያ ክፍል የአውሮፓ ቀዝቃዛ ቤት ነው። ሐዋሳ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከ25 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ሲሆን ነው የሚያምርበት። ስለዚህ ቀዩንም ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ነጩን ሁለት ሰዓት። መብራት ከሄደ ጠርሙሱን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ አስቀምጡ፤ ይሠራል።

አምስት፦ ማየት፣ ማሽተት፣ መቅመስ

አንድ ሰው ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁጥር ይጻፍባቸው። ስሙና ዋጋው ሲታይ አፍ ይሸነፋል። ቅደም ተከተሉ ነጭ ከቀይ በፊት፣ ቀላል ከከባድ በፊት፣ ድራይ ከጣፋጭ በፊት ነው።

ብርጭቆውን በእግሩ ያዙት፣ ነጩ ወረቀት ላይ ጋደም አድርጉትና ጠርዙን እዩ። እዚህ ላይ አማርኛችን ቀድሞናል። «ወይን ጠጅ» ስንል መጠጡንም ቀለሙንም ነው። ወጣት ቀይ ወይን ጠርዙ ላይ ያንኑ ወይን ጠጅ ቀለም ያሳያል። እያረጀ ሲሄድ ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። ነጭ ወይን ተቃራኒው ነው፤ በዕድሜ እየጠቆረ ወደ ማር ይጠጋል። ወጣት የሚባል ነጭ ወይን ቡናማ ሆኖ ካያችሁት አየር ገብቶታል። ብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚወርደው «እንባ» የጥራት ምልክት አይደለም። አልኮሉንና ስኳሩን ነው የሚናገረው።

አሁን ሳታወዛውዙ አንድ ጊዜ አሽቱ። ከዚያ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ክብ እያዞራችሁ አወዛውዙት፣ እንደገና አሽቱ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ጻፉ። ረጅም ሳይሆን አጭር አጭር ትንፋሽ ይሁን፤ አፍንጫ ቶሎ ይደክማል። ሲደክም የራሳችሁን ክንድ አሽቱ፣ ይመለሳል።

በመጀመሪያ ጉድለት ፈልጉ። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ከቡሹ የመጣ ችግር ነው፤ ወይኑ አይመርዝም፣ ግን አይጣፍጥምም። አቼቶ ከሸተተ ወደ ኮምጣጤ ሄዷል። ጉድለት ከሌለ ፍሬውን ፈልጉ። ነጩ ላይ ሎሚ ነው? ኮክ? አናናስ? ወይስ ቅቤ? ሻርዶኔ ውስጥ ቅቤ ማግኘት የተለመደ ነው፤ የፖም ዓይነት ኮምጣጣው ወደ ለስላሳው የወተት ኮምጣጣ በባክቴሪያ ሲለወጥ አብሮ የሚመጣ ሽታ ነው። ቀዩ ላይ እንኮይ ነው? አጋም? እንጆሪ? ከፍሬው በኋላ ቅመሙ፣ ከቅመሙ በኋላ እንጨቱ። በኦክ በርሜል የቆየ ወይን ቫኒላ፣ ቀረፋ፣ አንዳንዴም በወይራ እንጨት የታጠነ ዕቃ የሚመስል ሽታ ይሰጣል።

ከዚያ ጎንጨት። ሙሉ አፍ ሳይሆን አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል። ምላስ ላይ አንሸራሽሩት፣ ከንፈራችሁን ትንሽ ከፍታችሁ አየር ወደ ውስጥ ሳቡበት። ድምፁ መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ቆይቶ ይለመዳል። አራቱን ብርጭቆዎች አስታውሱ፦ ሎሚው፣ ስኳሩ፣ ሻይው፣ አረቄው። እያንዳንዱ ምን ያህል ነው? ክብደቱስ? እንደ ውሃ ቀጥኗል ወይስ እንደ ወተት ሞልቷል? ትፉት ወይም ዋጡትና በልባችሁ ቁጠሩ። አምስት ሳትሉ የጠፋ ጣዕም አጭር ነው። አሥራ አምስት ድረስ የሚከተላችሁ ረጅም ነው፤ እሱን አክብሩት።

ስድስት፦ መጀመሪያ መጻፍ፣ ከዚያ መናገር

የቤታችን ሕግ ናት፣ አንድም ቀን አልጣስናትም። ሁሉም ሰው ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አይናገርም። በመጀመሪያው ቀን፣ ሕጓ ሳትወጣ፣ ጋሼ «አጋም» ካሉ በኋላ ከፍሬ በኩል ሁላችንም አጋም ብቻ ነው የሸተተን። ታላቅ ሰው ሲናገር ታናሽ ይከተላል፤ ያደግነው እንደዚያ ነው። በወረቀት ግን ሁሉም እኩል ነው። ሲነበብ ደግሞ ከታናሽ ጀምሩ። ጋሼ ራሳቸው ናቸው ይህን ያሉት።

ወረቀቱ ላይ አምስት መስመር ይበቃል፦ ቁጥር፣ ቀለም፣ ሽታ፣ አፍ፣ እና «በምን እበላዋለሁ»። አምስተኛው መስመር ሰውን ይከፍተዋል። አንዷ ስለ አንድ ሜርሎ «ከእናቴ ጎመን በሥጋ ጋር» ብላ ጻፈች። ከዚያ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገንም።

ሰባት፦ እራት

ጋዜጣው ይገለጥ፣ ስሙ ይታይ፣ ሳቁ ይምጣ። የተረፈው ወይን ከምግብ ጋር ይቀርባል።

ሐዋሳ ላይ ሆኖ አሳ አለመጀመር አይቻልም። ጠዋት አሞራ ገደል ወርዳችሁ፣ አባ ኮዳዎቹ ትርፍራፊ በሚጠብቁበት፣ ትኩስ ቆሮሶ ግዙ። ተጠብሶ ሎሚ ተጨምቆበት ከቀዘቀዘ ሻርዶኔ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይሻላሉ። ዳጣውን ግን በሌላ ሳህን አድርጉት። የሚያቃጥል ነገር የአልኮሉን ሙቀት ያባብሳል፣ ታኒኑንም መራራ ያደርገዋል። ዶሮ ወጥና ድራይ ቀይ ወይን አብረው ሲጣሉ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። በርበሬ ለበዛበት ወጥ መካከለኛ ጣፋጩን አምጡ፤ ስኳሩ ያበርደዋል።

ክትፎ ከሲራ ጋር ሞክሩ፣ ሚጥሚጣው ቀለል ብሎ። ቅቤውና ሥጋው ታኒኑን ያለሰልሱታል፣ አፍ መጨበጡን ይተዋል። ጥብስም ከጉደር ጋር ጥሩ ነው። ሽሮ ግን ከምንም ወይን ጋር አልተስማማልኝም።

ስምንት፦ ወደ ባቱ መውጣት

ሦስት አራት ጊዜ ከቀመሳችሁ በኋላ ፍሬው የሚያድግበትን መሬት ማየት ያምራችኋል። ከሐዋሳ በጠዋት ውጡ። ሻሸመኔ፣ አርሲ ነጌሌ፣ ላንጋኖን በቀኝ እያያችሁ፣ ቡልቡላ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ባቱ። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት ከሹፌሮች ጠይቁ። የወይን እርሻና ፋብሪካ የሥራ ቦታ ነው፣ በር አንኳኩቶ የሚገባበት አይደለም። ቀድማችሁ ደውላችሁ ፈቃድና ቀን ያዙ። የማይጠጣ ሹፌር ይኑራችሁ፤ ይህ አይታለፍም።

እዚያ ስትደርሱ ልብ የምትሉት ነገር አለ። ባቱ የምድር ወገብ አካባቢ ናት፣ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ከፍ ትላለች። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቀኑ ስኳሩን ይሠራል፣ ሌሊቱ ኮምጣጣውን ይጠብቃል። አውሮፓ ላይ ወይን በክረምት ይተኛል። እዚህ የሚያስተኛው ብርድ የለም። ስለዚህ መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው ቅርንጫፉን የሚገርዘው ሰው ነው፤ መቀሱ የክረምቱን ሥራ ይሠራል። እርሻው ዙሪያ ደግሞ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ቦይ ተቆፍሯል። የቦርዶ ገበሬ ይህን ሐሳብ አያውቀውም።

የሚያስጎበኛችሁን ሰው ዋጋ ከመጠየቅ ይልቅ እነዚህን ጠይቁ። መቼ ተገረዘ? የትኛው ዝርያ እዚህ አፈር ላይ አስቸገረ? በርሜል ውስጥ ስንት ወር ቆየ? ሰውየው ከልቡ መናገር ሲጀምር ታዩታላችሁ።

እኔ ከመጀመሪያው ጉዞዬ ይዤ የመጣሁት ፎቶ ብቻ ነበር። ጓደኞቼ «እንዴት ነበር?» ሲሉኝ ስልኬን ሰጠኋቸው። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መለሱልኝ፣ ወሬውም አለቀ። በሁለተኛው ጉዞ ደብተር ያዝኩ። አፈሩን በእጄ ጨበጥኩት፤ አሸዋማ ነው፣ በጣቶች መካከል ያመልጣል። ቅጠሉን በጣቴ አሸሁት። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ምን እንደሚሸት ጻፍኩ። ያንን ገጽ ሳነብላቸው ሁሉም ጸጥ ብለው ሰሙኝ።

ዘጠኝ፦ ጉዞውን ማካፈል

ከጉዞ የተመለሰ ሰው አንድ ምሽት ይሰጠዋል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ያመጣው ጠርሙስ፣ ተሸፍኖ፣ ያለ ምንም ወሬ ይቀዳል። ሁሉም ይጽፋል፣ ያነባል። ከዚያ ተጓዡ ከሩብ ሰዓት ያልበለጠ ያወራል። ፎቶ የመጨረሻ ነው፣ ከአሥር አይበልጥም። ሰው በአፉ የያዘውን ጣዕም ይዞ ታሪኩን ሲሰማ ቦታው ውስጥ ይገባል።

አንድ ጊዜ ለሥራ ኬፕ ታውን የሄደ ወዳጃችን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የወይን ከተማዋ ስቴለንቦሽ ደርሶ ተመለሰ። ጠርሙሱን ሸፍኖ ቀዳልን። ሦስታችን ያለ ምክክር «ጭስ» ብለን ጽፈናል። ጋሼ «የተጠበሰ ሙዝና የወይራ ጭስ» ብለዋል። ስሙን ሲገልጠው ፒኖታዥ ነው። ያኔ ታሪኩን ነገረን። በ1925 አብርሃም ፔሮልድ የሚባል ሰው ስቴለንቦሽ ላይ ፒኖ ኗርና ሳንሶ የሚባሉ ሁለት የወይን ዝርያዎችን አዳቅሎ ያገኘው የደቡብ አፍሪካ የራሷ ዝርያ ነው። ከመቅመሳችን በፊት ቢነግረን ኖሮ ከጆሯችን አልፎ ይሄድ ነበር። አሁን ግን ማናችንም አንረሳውም።

የእኔ ምኞት ጆርጂያ ናት። እዚያ ወይን የሚጠመቀው ክቨቭሪ በሚባል፣ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ነው። ዩኔስኮ በ2013 ይህን ባህል መዝግቦታል። ጋን አይተን ያደግን ሰዎች እዚያ ቆመን የምንናገረው ነገር ይኖራል ብዬ አምናለሁ።

ጠርሙስ ከሩቅ ስታመጡ በጋቢ ጠቅልላችሁ ሻንጣው መሃል አስቀምጡ። በአውሮፕላን በእጅ ቦርሳ ማለፍ አይችልም። በመኪና ከሆነ ምሳ ስትበሉ መኪናው ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ፤ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ያበላሸዋል። ቤት ከደረሰ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይረፍ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የተረፈውን ወይን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፣ ቀዩንም ጭምር። ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ካለፈ ለጉላሽ ይሁን። ብርጭቆዎቹን በሙቅ ውሃ ብቻ እጠቧቸው፤ የሳሙና ሽታ እስከሚቀጥለው ቅምሻ ይከተላል። ወረቀቶቹን ሰብስቡና ቀን ጽፋችሁባቸው በአንድ ፋይል አኑሩ። አሁን መስኮቱ ይከፈት፣ ቄጤማው ይነስነስ። ምጣዱ ይጣድ፣ ቡናው ይቆላ።